የአባቴን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ቦበር ላደርገው ነው፤ ሻሲውን ልቁረጥ ወይስ ልተወው?

ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | መስከረም 28

ሰላም ናችሁ የሞተር ሰዎች። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ወረኢሉና ጃማ አካባቢ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ይነዳው የነበረውን ሞተር መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው በጨረታ ገዛው። ሆንዳ ሲጂ 125፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ሞዴል፣ ባለ 6 ቮልት፣ ባለ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆራርጠው መክፈቻና መዝጊያ)። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ግን አልነዳውም፤ ሞተሩ ጓሮ ቆርቆሮ ስር ከቆመ ዘንድሮ 9 ዓመቱ ነው። በ2014 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ እናቴ ጎማዎቹን አስፈትታ በማገዶ እንጨት ከመረችበት፣ እንዲያ ነው የተረፈው።

አሁን እኔ ላነሳው ነው። ግን እንደነበረ ሳይሆን ቦበር አድርጌ። ለማያውቅ፦ ረጅሙ ወንበር ወጥቶ የአንድ ሰው ዝቅ ያለ ወንበር ይገባል፣ የኋላው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ያጥራል፣ የፊቱ ይወጣል፣ ፕላስቲክና ጌጥ የሚባል ነገር ሁሉ ይራገፋል። የሚቀረው ኢንጂን፣ ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንከር)፣ ሁለት ጎማና መሪ ነው። ስልኬ ላይ ፎቶ ሳይ ነው የማድረው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከወንበሩ ኋላ የተረፈውን ሻሲ ልቁረጠው? የኋላ አሞርዛተሩንስ (ምት የሚያበርደውን ሞላ) አውጥቼ በቀጥታ ብረት ልተካው? በቪዲዮ እንዲያ የሚያደርጉ አይቻለሁ።

ኢንጂኑ ስረግጠው ኮምፕሬሽን አለው። እሳት ግን የለውም። ሳልባትዮው ውስጡ ዝጓል።


ፒያሳ_ራይደር | ደሴ | መስከረም 28

ማሻአላህ! ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድም ቦበር አይቼ አላውቅም፣ አንተ የመጀመሪያው ትሆናለህ። እኔን ብትሰማ ቁረጠው። አሞርዛተሩንም አውጣው። ቦበር ማለት ከኋላ ቀጥ ያለ፣ ጎማው ከወንበሩ ስር ጥብቅ ያለ ነው። የፊት ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የካቴና ሽፋን፣ ሁሉንም አራግፍ። ግማሽ ግማሹን ከሠራኸው ያልተላጨ ሰው ነው የሚመስለው። ፎቶ አምጣ!


ሙጋድ_ጋራዥ | ደሴ | መስከረም 29

አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር በቀላሉ አይሞትም። 22 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነኝ፣ ከዚህ የባሰ ቆሞ የተነሳ አይቻለሁ።

ለምን እንደማይሞት ልንገርህ። ሆንዳ ሲጂን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፣ እንደኛ ላለ አገር ብሎ አስቦ። በፊት የነበረው ሲቢ 125 ካምሻፍቱ (ቫልቮላውን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ማለትም የኢንጂኑ ራስ ላይ ነው፣ በካቴና ይዞራል። ዘይት በሰዓቱ ካልቀየርክለት ቶሎ ይጎዳል። የሆንዳ መሐንዲሶች ሰው እነዚህን ሞተሮች እንዴት እንደሚይዛቸው በየአገሩ ዞረው አዩ፤ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዘይት ሳይቀየርለት እስኪሰበር ይነዳል። ስለዚህ ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱትና ቫልቮላውን በሚገፋ ዘንግ እንዲከፈት አደረጉ። ሻካራ ኢንጂን ነው ግን ችሎ ይኖራል። ዛሬ ገበያ ላይ የምታየው የቻይና 125 እና 150 አብዛኛው የዚሁ ኢንጂን ልጅ ነው። ስለዚህ የመለዋወጫ ጉዳይ አያሳስብህ።

አሁን ግራይንደሩን አስቀምጥ። መጀመሪያ አስነሳው። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ይቆርጡና ኢንጂኑ ችግር ሲያመጣ የተቆራረጠ ብረት ታቅፈው ይቀራሉ። እንደነበረ አስነሳው፣ ንዳው፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚያፈስ እወቅ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን አድርግ።

ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አፍስስበት፣ ይደር፤ 9 ዓመት የደረቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በደረቁ እንዳይፍቅብህ። ፑንቲናውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተህ በነጭ ጨርቅ ጥረገው፣ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር። እሳት የጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። የቫልቮላው ክፍተት ኢንጂኑ ቀዝቃዛ ሳለ ሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር። አሮጌውን ዘይት ድፋውና አዲስ 1 ሊትር ገደማ።

ሳልባትዮው በአቼቶ ይጠራል። ሙላው፣ አሮጌ ዳዶ አንድ እፍኝ ጨምርበት፣ ሲመችህ እየነቀነቅክ አንድ ቀን ሙሉ ተወው። ሲወጣ ቡና አተላ ይመስላል። አጥበህ በቢካርቦኔት ውሃ ድገመው፣ አቼቶው ብረቱን መብላቱን እንዲያቆም። ፀሐይ ላይ አድርቅና ወዲያው ትንሽ ዘይት አንቀርቅበት፤ እርጥብ ከተውከው በማግስቱ መልሶ ይዝጋል።


ብየዳ_ቤት | ኮምቦልቻ | መስከረም 30

የብየዳ ሰው ነኝ፣ ስለ ብረቱ ብቻ ልናገር።

አሞርዛተር አውጥቶ በብረት መተካት የሚባለውን እኔ አልሠራልህም። ሌላው ይሥራልህ። አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርባት ቦታ የተሠራችው በሞላ በኩል ለሚመጣ ምት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ምቱን ይበላና የቀረውን ለሻሲው ይሰጣል። ሞላውን በብረት ስትተካ ምቱ እንዳለ እዚያች ብየዳ ላይ ያርፋል። ዛሬ አትሰበርም። ከስድስት ወር በኋላ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታወጣለች፣ በቀለም ስር አትታይህም።

እውነተኛው ሃርድቴይል (ከኋላ ሞላ የሌለው ሻሲ) ሌላ ነው። የኋላውን ሹካ ከነአሞርዛተሩ ጥለህ ሻሲውን ከመሃል ጀምሮ አዲስ ቱቦ ትሠራለታለህ። ይቻላል፣ ግን ልክ መያዣ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ጎማዎቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ወደ ጎን ይጎትትሃል።

ጅራቱን መቁረጥ ግን ችግር የለውም። ከአሞርዛተሩ የላይ መያዣ ኋላ 5 ሳንቲም ትተህ ቁረጥ። ከዚያ ወደ ፊት አትንካ። ስትቆርጠው ግራና ቀኙን የሚያያይዘው አግዳሚ አብሮ ስለሚሄድ ሁለቱ ጫፎች መተንፈስ ይጀምራሉ። በታጠፈ ቱቦ እንደ ፈረስ ኮቴ አገናኛቸው። ከቱቦው ውስጥ ልኩ የሆነ ድፍን ብረት አስገባ፣ ግማሹ አሮጌው ውስጥ፣ ግማሹ አዲሱ ውስጥ፤ ከዚያ ዙሪያውን በየድ። ላዩን ብቻ የተበየደ ቱቦ አልወድም።

ስትበይድ ባትሪውን ፍታ። የብየዳውን መሬት (የመመለሻ ገመዱን) የምትበይድበት ብረት ላይ አጠገቡ እሰር፤ ኢንጂን ወይም ጎማ ላይ ካሰርከው ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ያቃጥልሃል።


ሙጋድ_ጋራዥ | ደሴ | መስከረም 30

ብየዳ ቤት ያለው ልክ ነው። አንድ ልጨምር። የዚህ ሞተር ሻሲ ከኢንጂኑ ስር የሚዞር ቱቦ የለውም፣ ኢንጂኑ ራሱ ነው ከፊትና ከኋላ አያይዞ የሚይዘው። ኢንጂኑ ወጥቶ ከበየድክ ሻሲው በሙቀት ይጎትትና ቡሎኖቹ ቀዳዳቸውን ያጣሉ። ኢንጂኑ ቦታው ላይ ታስሮ እያለ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙት።


ጦሳ_ስር | ደሴ | ጥቅምት 2

ሰላም። ሜካኒካል ምህንድስና ነው ያጠናሁት፣ እዚያው ኮምቦልቻ። ወንድሜም እኔም ሞተር እንነዳለን፣ ስለዚህ ጉዳዩ ልቤን ነካው።

ፒያሳ ራይደር "ቦበር ማለት አሞርዛተር የሌለው" ስላለው አንድ ነገር ልበል። ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፋብሪካ የሠራውን ሞተር ይዘው የሚገቡበት የውድድር ክፍል ተፈጠረ። ተወዳዳሪዎቹ እንዲቀልላቸው የፊት ፓራፋንጎውን ፈቱ፣ የኋላውን ቆረጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመለሱ ወታደሮች በአሮጌ ሃርሊና ኢንዲያን ሞተሮች ያንኑ አደረጉ። ስሙ ራሱ ጅራቱ ያጠረ ፈረስን ከሚገልጸው ቃል ነው የመጣው። ያን ጊዜ አሞርዛተር ያልነበራቸው ሰዎቹ ስላወጡት አይደለም፣ የዚያ ዘመን ሃርሊ ከኋላ መጀመሪያውኑ ስላልነበረው ነው። እነሱ የቆረጡት የማይፈልጉትን ብቻ ነው። ሻሲውን እየቆረጡ ማስረዘም በኋላ የመጣው የቾፐር ነገር ነው።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ሞላውን አልጣሉትም። ሃርሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሶፍቴይልን ሲያወጣ አሞርዛተሮቹን ኢንጂኑ ስር ደበቃቸው። ትራያምፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው ባለ 1200 ቦበርም አንድ አሞርዛተር ወንበሩ ስር ተደብቆ አለው፤ ከሩቅ ስታየው የለውም ትላለህ። ሃርድቴይል እንዲመስል ያንን ሁሉ የለፉት ጀርባ እንዳይሰበር ብለው ነው። አንተም አሞርዛተሩን ትተህ ወንበሩን ዝቅ ብታደርግና ጅራቱን ብታሳጥር መልኩን ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፓራፋንጎውን ከማሳጠርህ በፊት ሁለቱን አሞርዛተሮች ፍታና ጎማውን በእጅህ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፋው። እዚያ ላይ ጎማው ከፓራፋንጎውና ከወንበሩ ብረት ስንት እንደሚርቅ ለካ። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ቆንጆ ሆኖ መንገድ ላይ ጎማው ብረት የሚልስ ብዙ ነው።

የፊት ፓራፋንጎውንም ዝም ብለህ አትጣለው። ቀጫጭን የፊት እግር ባላቸው ሞተሮች የፓራፋንጎው ማሰሪያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ይይዛል። ካወጣኸው ኩርባ ላይ አንዱ እግር ከሌላው ተለይቶ ይወዛወዛል። በቦታው ጠንካራ የላሜራ ድልድይ አሠራለት።


ሐረጎ_ላይ_ታች | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 2

ኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እሠራለሁ። ስለ መልኩ አላውቅም፣ ስለ ፍሬን ግን ስሙኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ዶሮ መዝለያን ካለፍክ በኋላ ቁልቁለቱ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። ከሁለት ዓመት በፊት በራሴ ሞተር እየወረድኩ ነበር። የፊት ፍሬኑ ሸራ አልቆ "ነገ እቀይረዋለሁ" እያልኩ በኋላው ብቻ ነበር የምነዳው። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬኑን ረግጬ ወረድኩ። ከሆነ ቦታ በኋላ የሚነድ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ እግሬን ስጫን ምንም የለም፣ ባዶ። ፊቴ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቀስ እያለ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ኢንጂኑ ጮኸ፣ በመኪናውና በገደሉ መሃል ሳይሆን በተራራው በኩል ወደ ቦዩ ገባሁ። ግራ እጄ ላይ ጠባሳው አለ። አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው ቦበር ላይ መሪው ንጹሕ እንዲሆን የፊት ፍሬኑን ያወጣል አሉ። ሐረጎን ለሚወርድ ሰው ይሄ መነገር የለበትም። የፊቱ ነው ዋናው ፍሬን፤ ስትይዝ ክብደትህ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ሁለቱንም ሸራ ቀይር፣ ገመዱን ቀይር። ስትወርድ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።


ፒያሳ_ራይደር | ደሴ | ጥቅምት 3

አሞርዛተሩ ላይ ተሸነፍኩ፣ ጦሳ ስር ያለችው አሳመነኝ። የፊት ፓራፋንጎው ግን ይውጣ። የካቴና ሽፋኑም። ያ ትልቅ ላሜራ ኋላውን ሁሉ ሸፍኖታል፣ ጎማው አይታይም።


የቆየ_ሹፌር | ደሴ | ጥቅምት 3

ልጆቼ፣ የእናንተን ጨዋታ ሳነብ ደስ አለኝና ልጻፍ አልኩ። እኔ በዚህ ሞተር ኩታበርንም ተንታንም ወጥቻለሁ። ያን የካቴና ሽፋን የሠሩት ለእኛ አቧራ ነው። ሽፋን ያለው ካቴና ያለ ሽፋን ካለው እጥፍ ይቆያል ብል ማጋነን አይደለም፣ በእጄ ያየሁት ነው። ጭቃና አሸዋ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ሞረድ ነው የሚሆነው፣ ካቴናው የሚዞርበትን ኮሮና ጥርሱን ይስለዋል።

የፊት ፓራፋንጎም እንዲሁ። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ጎማው ያነሳው ጭቃ ዓይንህ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጉሙ ሳይጨመር። በበጋ አውጣው፣ በክረምት መልሰው። አራት ቡሎን ነው።

አባትህን ሳላውቃቸው አልቀርም፣ በዚያ ዘመን የእንስሳት ክትባት ይዘው የሚወጡት ጥቂት ነበሩ። የክትባቱን ሳጥን ከኋላ በገመድ አስረው ነበር የሚሄዱት። የዕቃ መጫኛው ላይ ገመዱ የፋቀው ቦታ ካለ እሱን አትጣለው።


ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 19

ጋሼ፣ አንቱ የጻፉትን አንብቤ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አለ። የዕቃ መጫኛው ግራና ቀኝ ቱቦ ላይ ቀለሙ አልቆ ብረቱ ራሱ ጎድጉዷል፣ አውራ ጣቴ ልክ ይገባበታል። ስንት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም። ለአባቴ ሳሳየው "እሱ የሳጥኑ ገመድ ነው፣ በረዶው እንዳይቀልጥ አጥብቀን ነበር የምናስረው" አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ሰላምታዎን ነግሬዋለሁ፣ "የኩታበሩ ሰው ከሆነ አውቀዋለሁ" ብሏል።

ሥራው፦ ፑንቲናውን እንደተባልኩት አሸሁት። በሦስተኛው ቀን፣ በአሥራ አንደኛው እርግጫ ተነሳ! እናቴ ከቤት ሮጣ ወጣች። ጭሱ ጓሮውን ሞላው፣ የከተትኩት ዘይት ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ጠራ። ሳልባትዮው በአቼቶ ነጣ፣ በቀዳዳው ስታየው ውስጡ እንደ አዲስ ሳህን ነው።

ከዚያ አራገፍኩ። ረጅሙ ወንበር፣ የዕቃ መጫኛ፣ የጎን ሽፋኖች፣ ተጨማሪ የእግር ብረቶች፣ ከአሞርዛተሩ ኋላ የተቆረጠው ጅራት፣ የፓራፋንጎው ግማሽ። ሁሉንም ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሰፈራችን ያለ እህል ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ጤፍ ይዤ የመጣሁ መስሎት ሚዛኑን አስተካከለ። 11 ኪሎ ተኩል! ሞተሩ ራሱ 100 ኪሎ የማይሞላ ነው፣ ስለዚህ ቀላል አይደለም።

ጅራቱን የቆረጠልኝ እዚሁ የጻፈው ብየዳ ቤት ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ኢንጂኑ ታስሮ እያለ ነው የበየደው። ያንን የተፋቀ ቱቦ የፓራፋንጎው መያዣ አድርጎ አጠፈልኝ። ጉድጓዱ ወደ ውጭ ይታያል። ቀለም አልቀባበትም፣ ቫርኒሽ ብቻ።


ብየዳ_ቤት | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 19

ያ ቱቦ ጥሩ ብረት ነው። ሳጥፈው ሸርተት አላለም። በጉድጓዱ በኩል እንዳላጥፈው አሸዋ ሞልቼ ነው ያሞቅኩት። ከውስጥ ሲታጠፍ ቱቦው እንዳይጨማደድ አሸዋው ይይዘዋል።


ፒያሳ_ራይደር | ደሴ | ጥቅምት 20

ወላሂ ይሄን አንብቤ ዝም ብዬ ቀረሁ። የዕቃ መጫኛውን አራግፍ ያልኩት እኔ ነኝ። እንኳን አልሰማኸኝ።

ወንበሩስ?


ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 21

ወንበሩ ብዙ አለፋኝ። ታቹ የ3 ሚሊ ላሜራ ነው፣ በካርቶን ቅርጹን አውጥቼ አስቆረጥኩት። ከፊት በአንድ ማጠፊያ ይያዛል፣ ከኋላ ሁለት ሞላ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የአሮጌ ቢስክሌት ወንበር ሞላ አደረግኩ፣ ስቀመጥበት ታች ድረስ ሰመጠ። ቀጥሎ የከባድ መኪና ቫልቮላ ሞላ ሞከርኩ፣ ድንጋይ ሆነ። ብረት ተራ ሄጄ ወፈር ያለ ሽቦ ያለው አጠር ያለ ሞላ አገኘሁ፣ ከምን እንደወጣ ሻጩም አያውቅም። ስቀመጥበት ሁለት ጣት ብቻ ይወርዳል። ልክ ነው። ቆዳውን ደሴ አንድ ጫማ ሰፊ ሰፋልኝ፣ የበሬ ቆዳ ነው፣ በሰም ክር።

አሁን ጥያቄዬ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው) ነው። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አውጥቼ ትንሽ ክብ ፊልትሮ አደረግኩ። ኮምቦልቻ ላይ ጋዝ ስከፍት ይተኩሳል፣ አቅም የለውም። ከዚያ ሙጋድ ጋራዥ ጋ ልወስደው ሐረጎን ሞከርኩ፣ ወደ ላይ ስወጣ ደግሞ እየተሻለው ሄደ! ምንድነው?


ጦሳ_ስር | ደሴ | ጥቅምት 21

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፣ መልሱ እዚሁ መንገዳችን ላይ ነው ያለው።

ኢንጂን አየርና ቤንዚን በልክ ይፈልጋል። ሳጥኑን አውጥተህ ክፍት ፊልትሮ ስታደርግ ብዙ አየር ገባ፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ስለዚህ ድብልቁ ቀጠነ። የሚተኩሰው፣ የሚደክመው ለዚያ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ብቻ 8 በመቶ ገደማ። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ የቀጠነው ድብልቅህ ራሱ እየወፈረ ሄደና ተስተካከለ። ፋብሪካ እንዳወጣው የተተወ ሞተር ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ደሴ ላይ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ያጨሳል።

ጉልበቱም እንዲሁ ነው። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ ሩብ ያህል አየር ይጎድላል። የዚህ ኢንጂን 11 የፈረስ ጉልበት እኛ ጋ 8 ገደማ ነው። ስለዚህ 11 ኪሎ ተኩል ማራገፍህ ከመልክ በላይ ዋጋ አለው። ሐረጎ ላይ ታየዋለህ።


ሙጋድ_ጋራዥ | ደሴ | ጥቅምት 22

ልጅቷ ነገሩን ጨርሳዋለች፣ እኔ እጁን ላሳይ። ካርቡራተሩ ውስጥ ታች ላይ ቀዳዳ ያላት የናስ ቡሎን አለች፣ ጄት የሚሏት። ቁጥሯ ላይዋ ላይ አለ። በአንድ ወይ በሁለት ደረጃ ከፍ ያለች አግባ። ከዚያ መርፌው ላይ ያለችውን ክሊፕ አንድ ቦታ ወደ ታች አውርዳት፤ ክሊፑ ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይጨምራል። አንድ ነገር ብቻ ቀይርና ንዳ። ሁለቱን አንዴ ከቀየርክ የቱ እንደሠራ አታውቅም።

ጋዝ እንደከፈትክ ዳገት ላይ ኢንጂኑን አጥፋና ካንዴላውን ፍታ። የተቆላ ቡና መልክ ካለው ጨርሰሃል። ከነጣ ቀጥኗል፣ ፒስተን ይበሳል፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቷል። ሁለቱ ከተማ ላይ ለምትነዳ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ልክ እንዲሆን አድርገው፣ ደሴ ላይ ትንሽ ቢወፍር አይጎዳም። የተገላቢጦሹ ነው የሚጎዳው።

የ6 ቮልቱን ነገር አትርሳው። በዚያ መብራት ዶሮ መዝለያ ጉም ውስጥ አንተም አታይ፣ ሌላውም አያይህ። የቻይናውን 12 ቮልት ማግኔት ከነሽፋኑና ከነሲዲአዩ (ፑንቲናውን የሚተካው የእሳት ሳጥን) እናስገባለታለን፣ መጀመሪያ ግን የክራንክሻፍቱን ጫፍ እንለካለን። ፍሬቻዎቹን አትጣል፣ ትንንሽ አድርገህ ከፓራፋንጎው መያዣ ላይ እሰራቸው።


ሐረጎ_ላይ_ታች | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 22

ቀለሙን ከቀየርክ ሊብሬህ ላይ የተጻፈው ሌላ ይሆናል፣ ለቦሎ ስትሄድ ያስመልስሃል። ቀድመህ ጠይቅ። መሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻሲ ቁጥርም በስቱኮና በቀለም እንዳትደፍነው። የጓደኛዬን ሞተር ለዚህ ብቻ ብለው አቆይተውበታል።


ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ጥቅምት 23

ቀለሙን አልቀይረውም። ሳልባትዮው ቀይ ነበረ፣ ቀይ ይሆናል።


ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 17

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። 12 ቮልት ገብቷል። ሁለቱም የፍሬን ሸራ አዲስ ነው። የፊት ፓራፋንጎውን ጋሼ እንዳሉት ለበጋ አወጣሁት፣ የላሜራ ድልድዩ ግን ቦታው ላይ አለ። የካቴና ሽፋኑን አላነሳሁትም፤ ፒያሳ ራይደር ይቅር በለኝ፣ አሁን ስለለመድኩት ያምርብኛል።

ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ድሮ አባቴ ኋላ ሲጭነኝ በሁለተኛ ነበር የምንወጣው፣ እርግጥ ሁለት ሰው ነበርን። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መሬቱ ቅርብ ነው፣ ጉድጓድ ስትመታ መጀመሪያ አሞርዛተሩ ከዚያ ሞላው ይቀበልሃል፣ ሁለት ጊዜ ለስለስ ይልሃል። ከፊትህ ምንም የለም። የፍጥነት ሰዓት የለም፣ ፕላስቲክ የለም፣ የፊቱን ጎማ ሲዞር ታየዋለህ። ዶሮ መዝለያ ላይ ጉም ነበር። መብራቱ ሠራ። አንድ ባለ አይሱዙ መስኮቱን አውርዶ "ይሄ ምንድነው የምትነዳው?" ብሎ ጮኸ።

ፒያሳ ላይ ቆሜ ካንዴላውን ፈታሁ። የተቆላ ቡና።

ማታ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አስወጥቶ እየጠበቀኝ ነበር። ዞሮ ዞሮ አየው። የወንበሩን ሞላ በእጁ ተጫነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን የገመዱ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ። "ጉልበቴ ቢሻለኝ አንድ ዙር እነዳው ነበር" አለ። ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፣ ኋላ ላስቀምጠው አልችልም።


የቆየ_ሹፌር | ደሴ | ኅዳር 17

አንተ ልጅ፣ አምላክ ይባርክህ። አባትህን ሰላም በልልኝ። ጉልበታቸው ካልፈቀደ አስነስተህ አጠገቡ አስቀምጣቸው፣ ጋዙን እሳቸው ይያዙት።


ብየዳ_ቤት | ኮምቦልቻ | ኅዳር 18

የተቆረጠውን ጅራት ጥለኸዋል? ካልጣልከው አምጣው። በሁለት ቡሎን የሚገባና የሚወጣ የኋላ መቀመጫ እሠራልሃለሁ። አሞርዛተሩ ስላልወጣ ሁለት ሰው ይችላል፣ የአባትህ እግር የሚያርፍበት ብረትም አብሮ ይገባል።


ቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 18

ጆንያው ውስጥ አለ። ነገ ከሥራ በፊት 2 ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ።


ፒያሳ_ራይደር | ደሴ | ኅዳር 18

እኔም እወርዳለሁ። ዘመዶች፣ አጎቴ ጓሮ አንድ ሱዙኪ ኤ 100 ቆሟል። ሁለት ስትሮክ ነው። አዲስ ክር ልክፈት?


ሙጋድ_ጋራዥ | ደሴ | ኅዳር 18

ክፈት። ግራይንደሩን ግን እኔ ጋ አስቀምጠህ።